«ምን በላ?» የማይል ክሊኒክ

ይገዙ ሲናደድ አይጮህም። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቃሉ ያጥራል፣ አፍንጫው ብቻ ይነፋል፤ የሚያውቁት ሰዎች ያን ጊዜ ወሬ ይቀይራሉ። ሰኞ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማው ስምንት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ካለ የእንስሳት ክሊኒክ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽ ውሻ አቅፎ ሲወጣ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ሀኪሟ ምን አድርጋው ነው እንዳትሉ፤ ምንም አላደረገችውም። «ከራሱ ምግብ ሌላ የበላው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው፣ በቃ። «የለም» አላት። የውሻውን ከንፈር ገልጣ ድዱን አየች። በአፉ ዙሪያ ያለው ነጭ ፀጉር ቢጫ ሆኖ ስታየው ጊዜ «ጉበቱ ይሆን እንዴ?» አለች ለራሷ። ከዚያ ደግማ ጠየቀችው። «የለም አልኩሽ እኮ።» ደም ወስዳ እንድታይ፣ ውሻውም እዚያው እንዲውል ፈቃዱን ጠየቀችና፣ በዚያው አፏ ለሦስተኛ ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» አለችው። ይገዙ ውሻውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ፎጣውን ጠቀለለ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይል ወጣ።

«ውሸታም ነህ ማለቷ እኮ ነው» አለው ለውሻው፣ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ። «ፊት ለፊት ውሸታም ነህ አለችኝ።»

ውሸታም ነበር እንግዲህ። ከዚህ በኋላ የማወራላችሁን ሁሉ ይሄንን ይዛችሁ ስሙኝ። ውሻው አልጫ በልቷል። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ከይገዙ እጅ፣ በጉርሻ።

ውሻው የልጁ የዮዲ ነው። ዮዲ ነርስ ናት፤ ኮንትራት እየያዙ ከስቴት ስቴት ከሚዞሩት አንዷ። ሴፕቴምበር ላይ ፊኒክስ ለሦስት ወር ሥራ አግኝታ ስትሄድ፣ ውሻዋን፣ የውሻዋን አልጋ፣ የውሻዋን ሳህንና ትልቅ ከረጢት ሙሉ የውሻ ምግብ አባቷ ሳሎን ውስጥ ዘርግፋለት ሄደች። ስሙ ዋፍል ነው። «የቁርስ ስም» አለ ይገዙ፣ ያን ቀንም ተናዶ። ውሻ ቦታው ደጅ ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ ምንጣፉ ላይ ውሻ ተኛበት። ዋፍል ብሎ መጥራት አፉ እምቢ ስላለው «ጌታው» ይለው ጀመር። «ጌታው፣ ተነሳ እስቲ፣ ልናጸዳ ነው።» «ጌታው፣ ሊፍቱ መጣ።» ውሻው ሁለት ቀን ሳይሞላው ለስሙ መታዘዝ ጀመረ።

ዮዲ ከመሄዷ በፊት ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች። የመጀመሪያዋን መስመር ሁለት ጊዜ አስምራባታለች፦ ከከረጢቱ በቀር ምንም፤ የሰው ምግብ በጭራሽ። «አባዬ፣ አንተን ስለማውቅህ ነው» አለችው። «ቃል ግባልኝ።» ይገዙ ደሙ ፈላ። እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ ቃል የምታስገባኝ፣ አለ በሆዱ። በአፉ ግን «በእናትሽ አጥንት» አላት። ማንም ማልልኝ ሳይለው፣ ለአንድ ከረጢት የውሻ ምግብ፣ በሟች ሚስቱ ማለ። ይገዙ እንዲህ ነው፤ ትንሹን ነገር ትልቅ መሐላ ይጭንበታል፣ ከዚያ መሐላው ራሱን ይጫነዋል።

አምስት ቀን ጠበቀው። ስድስተኛው ቀን እሁድ ነበር፤ ገበታውን ዘርግቶ ሲቀመጥ ውሻው ፊት ለፊቱ መጥቶ ቁጭ አለ። አልጮኸም፣ አልዘለለም። አየው ብቻ። ይገዙ አንድ ጎረሰ፤ ያያል። ሁለት ጎረሰ፤ ያያል። እኛ ደግሞ እንዴት እንዳደግን ታውቃላችሁ። እያየህ ያለ ፍጡር ፊት ብቻህን መብላት ነውር ነው፤ ዓይን ያረፈበት እህል ሳያቀምሱት አይወርድም። ለልጅ ጉርሻ ይሰጣል፣ ለእንግዳ ጉርሻ ይሰጣል፣ በር ላይ ለቆመ የፖስታ ሠራተኛ እንኳ «እንብላ» ይባላል። ይገዙ ደግሞ ለዓመታት ብቻውን የበላ ሰው ነው። በሦስተኛው ጉርሻ እጁ ራሷ ዞራ ወደ ውሻው ሄደች።

በርበሬው ውሻውን አስነጠሰው፣ ዓይኑንም አስለቀሰው። ታዲያ ይገዙ ምን አደረገ? በማግስቱ አልጫ ሠራለት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለውሻ ብሎ ሥጋ ገዝቶ፣ ሽንኩርት ከትፎ፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ለብቻው ድስት ጣደለት። ወጥ መሥራት የተማረው ሚስቱ እታለማሁ ከሞተች በኋላ ነው፤ አሁን ግን እጁ የታወቀ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ኬሻ ሽንኩርት ይዞ ይቀመጣል፤ ያለ ዘይት፣ በቀስታ፣ እያማሰለ አንድ ሰዓት ተኩል ያቁላላዋል። «ቁሌቱ ያልበሰለ ወጥ ብበላ በሽተኛ ነው የምሆነው» ይላል ሁልጊዜ። የውሻውም አልጫ ላይ እጁ አልሰሰተም። የከረጢቱ ምግብ አንድ ጥግ ተቀምጦ ደረቀ። ጌታው ጭራውን እየቆላ፣ ነጭ ጢሙን ቢጫ አድርጎ፣ ከይገዙ እጅ ይበላ ጀመር። የዮዲ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ሆኖ ሁለቱንም ያያቸዋል።

ደስ ብሎት ነበር፤ ይሄንንም ልንገራችሁ። ከሥራ ሲመለስ በሩ ሥር የሚጠብቀው ፍጡር አለ። ሥራው አዛውንቶችን በቫን ከቤታቸው ሀኪም ቤት፣ ከሀኪም ቤት ቤታቸው ማመላለስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የበሽታ ወሬ ሲሰማ ይውላልና ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው ሰው አይፈልግም ነበር። ለካስ ይፈልግ ኖሯል።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ጌታው ደከመ። ደረጃ አልወጣም አለ። ሲተነፍስ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ሽንቱ የቆየ ሻይ መሰለ። ይገዙ ለዮዲ ኮል አደረገላት፤ ይሄን አልደበቀም። «ከረጢቱን ብቻ ነው የሚበላው አይደል?» አለችው ወዲያው። «አዎ እንጂ» አላት። «ፕሊስ አባዬ፣ ዛሬውኑ ክሊኒክ ውሰደው። ደህና ደህናዎቹን ቴክስት አደርግልሃለሁ፣ አንተ ምረጥ።» ሦስት ስም ላከችለት፣ በየስማቸው ሥር ስንት ኮከብ እንዳላቸው ጭምር። አንደኛው ያ የሰኞው ነበር።

ከሰኞ በኋላ ይገዙ የኮከብ ነገር አበቃለት። ክሊኒክ መምረጥ ማለት ለሱ ሌላ ነገር ሆነ። ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ ጥሩ ሀኪም ይኑረው አይኑረው፣ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት ስንት ይሁን፣ ምኑም አልነበረም። የሚፈልገው «ምን በላ?» የማይል ክሊኒክ ነበር። ይቺን ጥያቄ ከድሮም ይጠላታል። እታለማሁ የታመመች ጊዜ ሀኪም ቤት ውስጥ ደጋግመው የጠየቁት ይሄንኑ ነው፤ ምን በላች፣ መቼ በላች፣ ስንት በላች። «ሲጠይቁ ከርመው ምንም ሳያደርጉላት ሞተችብኝ» ይላል ዛሬም፣ ስለሷ ከተነሳ። ከዚያ በላይ አይናገርም። ሰውም አይጠይቀው።

ማክሰኞ ጠዋት ለምናሴ ነገረው። ምናሴ እሱ ከሚሠራበት ድርጅት ሹፌር ነው፤ ጀርመንታውን ቤቱ ውስጥ ሁለት ድመት አሉት። «አንተ ደግሞ እነዚህ መስታወት በመስታወት የሆኑት ዘንድ ምን ወሰደህ?» አለው። «ሀያትስቪል አንድ አሮጌ ክሊኒክ አለ። እዚያ ማንም አይጨቃጭቅህም። ክኒን ይሰጡሃል፣ ትወጣለህ።» ይገዙ ይሄ ነው ሀኪም ማለት አለ። በማግስቱ ሥራ አስፈቅዶ ሄደ።

እውነትም ማንም አልጨቀጨቀውም። አንድ ፎርም ብቻ ሰጡት። ፎርሙ ላይ «ምግቡ» የሚል ሳጥን ነበር፤ ይገዙ ከከረጢቱ ላይ በቃሉ ያጠናውን ስም በትልልቁ፣ እንደ ፈተና መልስ አስተካክሎ ጻፈ። ሀኪሙ ሽማግሌ ናቸው፤ የሽንቱን ቀለም አዩ፣ ሳጥኗን አነበቡ፣ ሽንት ቧንቧው ተመርቅዞ ይሆናል ብለው ክኒን ጻፉለት። በሁለት ቀን ካልተሻለው ደሙ መታየት አለበት አሉት። እሳቸው በምን ያውቃሉ? የነገሯቸውን አመኑ። ይገዙ መኪናው ውስጥ ገብቶ «አየህ፣ ጌታው፣ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው» አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰኞ ወዲህ አፍንጫው ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን ደግሞ እኔ ነኝ የምናደደው። ማታ ክኒኑን ሊሰጠው ሲል ውሻው ተፋበት። ደግሞ ሰጠው፣ ተፋበት። ይገዙ ፍሪጁን ከፈተ፤ ከዮዲ ወረቀት በስተጀርባ ያለውን ፍሪጅ። አልጫውን አሞቀ። ክኒኗን በቁራሽ እንጀራ ጠቅልሎ፣ ቁሌቱን ጠቅሶ፣ «በሞቴ» ብሎ አጎረሰው። ለታመመ አልጫ ነው የሚሰጠው፤ ሲቀጥል ደግሞ ጉልበት ያገኝ ብሎ ሁለት ጨመረለት። ውሻው ምግብ ከተወ ቆይቶ ነበር፤ ግን ከዚያች እጅ የመጣውን እምቢ አላለም። ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከይገዙ ሳይነቅል ዋጠው።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ጌታው መቆም አቃተው። ድዱ ወረቀት መስሏል። ዮዲ ልክ በዚያ ሰዓት ደወለች፤ ፊኒክስ ገና ሌሊት ቢሆንም በውሻዋ ጭንቀት እንቅልፍ አልወሰዳትም። «አባዬ፣ ድዱ ምን ዓይነት ነው? ሮዝ ነው?» ይገዙ የውሻውን ከንፈር ገልጦ እያየ «ትንሽ ነጣ ብሏል» አላት። «አባዬ፣ የምትደብቀኝ ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። አልቆጣህም።» እውነቱን ለመናገር አፉ ተከፍቶ ነበር። ግን መሐላው አለ፣ አጥንቱ አለ፣ እሷም አልቆጣም ማለቷ ራሱ አናደደው። ማን ማንን ነው የሚቆጣው? «ምን እደብቅሻለሁ?» ብሎ ዘጋው።

ምናሴን ደውሎ ቀሰቀሰው። ምናሴ ይሄን ጊዜ አልቀለደም። «አሌክሳንድሪያ አንድ ክሊኒክ አለ፣ አበሻ ልጅ ትሠራበታለች፤ ትርሲት የምትባል። የኛን ድመት ያዳነችልን እሷ ናት። ቢያንስ ትግባባላችሁ።» ይገዙ ሌላ አልሰማም። አበሻ አለች፣ በቃ። አበሻ አበሻን አያሳፍርም። አምባሻ ሲያካፍሉት እንደሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማው፤ ከዚያኛው ወገን ሰው አለ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ጠዋት መንዳት ምን ማለት እንደሆነ የነዳው ያውቀዋል። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቆሟል። ውሻው ጎኑ ወንበር ላይ በፎጣው ተጠቅልሎ ይተነፍሳል፣ ከአንድ ተሳቢ መኪና ኋላ ቆሞ ይገዙ ይተነፍሳል። በመንገዱ ስንት የእንስሳት ክሊኒክ አለፈ መሰላችሁ? እኔ አልቆጠርኩትም፤ እሱ ግን ሰባት ቆጥሯል። በያንዳንዱ ሲያልፍ «እነዚህም ይጠይቃሉ» አለ። ቀድሞት በገባ ሰው ተናደደ፣ በመንገድ ሠራተኞቹ ተናደደ፣ ትልቁ ድልድይ ላይ ሲደርስ በወንዙም ሳይናደድ አልቀረም። ዮዲ ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳም። ውሻው እጁን ላሰው፤ ምላሱ ቀዝቃዛ ነበር። ይገዙ ያኔ ፈራ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተናዶ ነበር እንጂ አልፈራም ነበር።

ትርሲት በዮዲ ዕድሜ ያለች፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ያሰረች የሀኪም ረዳት ናት። ምናሴ ደውሎላት ኖሮ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ይምጡ ጋሼ፣ ይስጡኝ» ብላ ውሻውን ተቀበለችው። ጋሼ ስትለው ልቡ ረጋ። ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፣ ድዱን አየች፣ በአንገቷ ባንጠለጠለችው ማዳመጫ ልቡን ሰማች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ በጣፋጭ አማርኛ «ጋሼ፣ ምን በላ?» አለችው።

ሰባት ክሊኒክ አልፎ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ ይቺው ጥያቄ ጠበቀችው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ቢያንስ አልገባኝም ይባላል። በአማርኛ ግን መሸሸጊያ የለም። ይባስ ብሎ ልጅቷ አበሻ ናት፤ ዛሬ የሰማችውን እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማያውቀው አይኖርም፣ አለ በሆዱ። የወገን ሰው የፈለገው እንዲያድነው ነበር፤ አሁን ደግሞ ወገን በመሆኗ ፈራት። «የራሱን» አላት። «ከረጢቱን።»

ትርሲት የውሻውን ጢም በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችው። ጣቶቿን አየች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው። ሁለቱ ሀኪሞች ያላወቁት፣ አንዷ ጉበት ያለችው፣ ይቺ ልጅ እናቷ ማጀት ውስጥ ያደገችበት ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እርድ ነው» አለች።

ይገዙ ፎጣውን ማስተካከል ጀመረ።

«አልጫ ነው?»

የፎጣውን ጫፍ አጠፈ።

«ሽንኩርት ነበረው?»

ይሄኔ ነው የፈነዳው፤ እንደ ልማዱ በትንሽ ድምፅ። «ሽንኩርት የሌለው ወጥ አለ እንዴ? አንቺ ማን አሳደገሽ?»

«ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ጋሼ። ነጭ ሽንኩርቱም። ጥሬው፣ የበሰለው፣ ሁሉም። ደሙን ይሰባብረዋል። ሽንቱ ሻይ መስሎ ከሆነ ደሙ እየወጣ ነው።»

«ሽንኩርት ነው መርዝ?» አለ ይገዙ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት ሽንኩርት? በደንብ ነው የማቁላላው እኮ። አንድ ሰዓት ተኩል።» የተናደደው በሽንኩርቱ ይሁን በልጅቷ፣ በራሱ ይሁን፣ ለይቶ የሚያውቅበት ሁኔታ ላይ አልነበረም።

ትርሲትም ተቆጣች። ሰውዬው አባቷን ያህላል፣ አንቱታዋን አልተወችም፤ ግን ተቆጣች። «አልፈርድብዎትም። ሁሉም ቤት ያለ ነገር ነው፤ እናቴም አድርጋዋለች። ግን አሁን ሀኪሟ ትገባለች። ከረጢት ካሏት ጉበት ትፈልጋለች፣ ኩላሊት ትፈልጋለች፣ እሷ ስትፈልግ እሱ ይሞታል። ስንት ቀን አበሉት?»

ይገዙ ውሻውን አየው። ያ ፍጡር ሦስት ሳምንት ሙሉ ምስክር ሆኖ ዝም ያለለት ነው።

«ሃያ ሦስት ቀን» አለ። «ትላንትናም። ክኒኑን ጠቅልዬ ያጎረስኩት በሱ ነው።»

ትርሲት «እሺ» ብላ ብቻ ሮጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ፈጠነ። ሀኪሟ ገባች፣ ደም ወሰዱ፣ በማይክሮስኮፕ አዩት፣ ነው አሉ። የሌላ ውሻ ደም አምጥተው ሊሰጡት ነው፤ ዕድል አለው፣ ግን ሰኞ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር። ይሄን የመጨረሻውን ሀኪሟ ያለችው ያለ ቁጣ ነው። ይገዙ በሰው ቁጣ ላይ ቁጣ መመለስ ያውቃል፤ ያለ ቁጣ የተነገረውን ግን የሚያደርግበት አጣ። ወደ ፓርኪንጉ ወጣ።

መኪናውን ተደግፎ ለዮዲ ደወለ። ሰላምታም አላስቀደመ። «አልጫ ሳበላው ነበር» አላት። «ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ። ሽንኩርቱ ነው ደሙን የጨረሰው። ሰኞም ዋሸሁ፣ ትላንትም ዋሸሁ፣ ዛሬ ጠዋትም አንቺን ዋሸሁሽ። በእናትሽ ምዬ።»

ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰደብ ይቀለው ነበር። ከፊኒክስ የሚሮጥ የሀኪም ቤት አልጋ ጎማ ድምፅ ይሰማል።

«ሽንኩርት መርዝ መሆኑን አላወቅክም» አለች በመጨረሻ። «በሱ አልናደድም። ግን ሦስት ጊዜ ሲጠይቁህ እሱ እየሞተ ነበር። አንተ ደግሞ የምታስበው ምን ይሉኛል ነው።»

«ዮዲ...»

«ቆይ አባዬ፣ ልጨርስ። እኔ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚያው እማዬ አልጋ አጠገብ ቆሜ ነበር። እንግሊዝኛው ይገባኝ ነበር እኮ።»

ይገዙ የመኪናውን በር ያዘ። ያቺን ቀን አንድም ሰው አንስቶበት አያውቅም። ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። እታለማሁ ስኳር በሽታዋን ይዛ፣ መርፌዋን እየተወጋች ትጾማለች፤ ንስሐ አባቷ ሳይቀሩ «አንቺ ህመምተኛ ነሽ፣ ብዪ» ብለዋታል፣ አልሰማቻቸውም። ራሷን ስታ ወደቀችና ሀኪም ቤት ወሰዷት። ስኳሯን ካስተካከሉላት በኋላ ሀኪሙ ወደ ይገዙ ዞሮ፣ እሱ ነውና አስተርጓሚው፣ «ጠዋት በልታ ነበር? መርፌውን ከምግብ ጋር ነው የምትወስደው?» አለው። እታለማሁ እንግሊዝኛው ባይገባትም ጥያቄው ገባት። በዓይኗ ለመነችው፤ እንዳታሰድበኝ፣ ያልተማረች ያልሠለጠነች ናት እንዳይሉኝ። ይገዙም «አዎ፣ በልታለች። ሁልጊዜ ትበላለች» አለ። ያንኑ መርፌ እንዳለ ትተውላት ወደ ቤቷ ሸኟት፤ ጾሟንም አላቋረጠችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊቀሰቅሳት ሄዶ አልነቃችም።

«ጥያቄውን ሰምቻለሁ» አለች ዮዲ። «መልስህንም ሰምቻለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ 'ሲጠይቁ ከርመው ምንም ሳያደርጉላት' ስትል እሰማሃለሁ። አንድ ቀን ይነግረኛል እያልኩ ዝም አልኩህ።» ድምፏ ዝቅ አለ፤ ቁጣ ነው። የአባቷ ቁጣ ነው፣ ዝቅ ያለው። «አሁን ሽፍት አለብኝ። ግባና ውሻዬን ጠብቅልኝ። ከዛ ደውልልኝ። ስለ ዋፍል አይደለም።»

ዘጋችበት።

ይገዙ ገባ። ትርሲት ወንበር ስባ ከውሻው አጠገብ አስቀመጠችው። ከላይ ከተሰቀለችው ከረጢት ደም በቀጭን ቱቦ ይወርዳል፣ ጠብ፣ ጠብ። አንድ ሰዓት ይሁን ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። ምናሴ ቴክስት አደረገ፣ አልመለሰለትም። ተናዶ ነበር አሁንም፤ ግን የሚናደድበት ሰው ሁሉ አልቆበት አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ እሱም ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው።

ትርሲት ድዱን ገልጣ አሳየችው። «አዩ ጋሼ? ቀላ ማለት ጀምሯል።»

ይሄኔ ጌታው ዓይኑን ገለጠ። ይገዙን አየው። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወርዶ እጁ ላይ አረፈ፤ የቀኝ እጁ ላይ፣ የምታጎርሰዋ ላይ። ጭራው ፎጣው ሥር አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰች።

ይገዙ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስልኩን አወጣና ደወለ። ዮዲ ሥራ ላይ ስለነበረች አላነሳችም፤ መልእክት ይተዉ የሚለው ድምፅ መጣ። ድሮ ቢሆን ይዘጋው ነበር። ጠበቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትርሲት እየሰማች፣ ሀኪሟም በሩ ላይ ቆማ ሳለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረ።

«እናትሽ ጠዋት አልበላችም ነበር፣ ዮዲ» አለ። «ጾሙ ከገባ አራት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምትቀምሰው። አውቅ ነበር።»